በውሰት የተጠየቀ ልጅ

ጎረቤቴ በሬን የምታንኳኳው ብዙ ጊዜ ወንፊት ወይም ምጣድ ልትዋስ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። «ሲስተር፣ መነጽርዎን ያድርጉና ይህን ያንብቡልኝ። ልጄን በውሰት እንስጠው እያሉኝ ነው። ሰው እንደ ምጣድ ይዋሳል እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። በእሷ መሳቄ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ልጄ ከባሕር ዳር ደውላ ስለ ልጇ ይህንኑ ስትነግረኝ እኔም ያልሁት ያንኑ ስለነበር ነው።

ቡና አፈላሁና ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ኳስ የሚጫወትባችሁ አንባቢያንም ብትሰሙት አይከፋም ብዬ እዚህ ጻፍሁት። እኔ የኳስ አዋቂ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስሁት በነርስነት ነው። ስለዚህ የማወራው ከጎሉ ይልቅ ስለ ልጆቹ ጉልበት፣ ስለ ልባቸውና ስለ ሆዳቸው ቢበዛ አትፍረዱብኝ።

ውሰት የሚባለው እንዲህ ነው። ልጁ ውል ያለው ከአንድ ክለብ ጋር ነው፤ «ባለቤቱ» ያ ክለብ ነው ይላሉ። ቃሉ ለሰው ልጅ ደስ አይልም፤ የኳሱ ሰዎች ግን የሚናገሩት እንዲያ ነው። በዋናው ቡድን የሚሰለፍበት ቦታ ሲያጣ ክለቡ ለግማሽ ዓመት ወይም ለአንድ የውድድር ዘመን ለሌላ፣ ብዙ ጊዜ ለአነስተኛ ክለብ ይሰጠዋል። እዚያ ይጫወታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ይመለሳል። ደመወዙን አንዱ ወይም ሁለቱም ተካፍለው ይከፍላሉ። ትልቁ ክለብ ልጁ ይበስልለታል፤ ትንሹ ክለብ ሊገዛው የማይችለውን ተጫዋች ያገኛል፤ ልጁ ደግሞ ይጫወታል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ሦስቱም አትራፊዎች ናቸው።

«ታዲያ ያሳደጉትን ልጅ ራሳቸው ለምን አያጫውቱትም?» አለች ጎረቤቴ። አሠልጣኝ የሚባል ሰው በየሳምንቱ ፈተና ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ጥቂት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ሥራው ሊያበቃ ይችላል። በዚህ ጭንቀት ላይ ሆኖ የ18 ዓመት ልጅ ከማሰለፍ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ብዙ ያየ ተጫዋች ቢያሰልፍ እኔ አልፈርድበትም።

የልጅ ልጄ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። ያደገው ጎንደር፣ እኔ ጋ ነው። ግራኝ ስለሆነ ግራ ተከላካይ አደረጉትና በ17 ዓመቱ አንድ ትልቅ ክለብ ለተስፋ ቡድኑ ወሰደው። ወደ ዋናው ቡድን አደገ ሲባል ቤተሰቡ ሁሉ እልል አለ። ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ቢኖር ተጠባባቂ ወንበር ማሞቅ ነበር። የውሰቱ ወሬ ሲመጣ ሁለት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። «ጠልተውኝ ነው፤ እንዳያፍሩ ውሰት አሉት እንጂ አባረሩኝ» አለ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ሲያየኝ «አይዞሽ» ይለኝ ጀመር፤ ለቅሶ ቤት ያለሁ ይመስል።

አጎቱ ነው የዓለሙን ታሪክ የነገረው። እኛ አያቶች ሳንቀር ስሙን የምናውቀው ዴቪድ ቤካም በ1987 ዓ.ም. ገና በ19 ዓመቱ ከማንቸስተር ዩናይትድ ወደ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ በውሰት ሄዶ ነበር። ፕሬስተን ያኔ በእንግሊዝ አራተኛው እርከን ላይ ነበር። አምስት ጨዋታ ተጫውቶ ሁለት ጎል አገባ፤ አንደኛዋን ከማዕዘን ምት በቀጥታ። ሃሪ ኬንም በ17 ዓመቱ ከቶተንሃም ወደ ሦስተኛው እርከን ክለብ ወደ ሌይተን ኦሪየንት፣ ከዚያም ወደ ሚልዎል፣ ወደ ኖርዊችና ወደ ሌስተር ተውሷል። እኔ ግን ስለ ቤካም ምንም አላልሁም። ተማሪ ሳለሁ ከጎንደር ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ለልምምድ ሲልኩኝ የተጣልሁ መስሎኝ ማልቀሴን ነው የነገርሁት። ማዋለድን የተማርሁት እዚያ ነው፤ ሐኪም አጠገቤ በሌለበት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ጎንደር ላይ ልጅን ኳስ አትጫወት ማለት ከባድ ነው። ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰደ፤ በ2013 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። የአፄዎቹን ማሊያ ያልለበሰ ሕፃን ማግኘት እስኪቸግር ድረስ ነበር። ይኸው ከተማ ግን ሌላውንም አይቷል። ፋሲል ባደገበት በ2008 የከተማው ሌላ ክለብ ዳሽን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ከላይ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከሥሩ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ በታች አንደኛ ሊግ አለ። ሁሉም ልጅ የሚያየው ላይኛውን ነው፤ የሚበዛው ልጅ የሚኖረው ግን ታችኞቹ ውስጥ ነው።

የልጅ ልጄ የተላከባት ከተማ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የደጋ ከተሞች አንዷ ናት። የከተማዋንም የክለቦቹንም ስም አልጠቅስም፤ ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በዚያ መስመር ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ኅዳር ላይ ስንቅ ቋጥሬ ሄድሁ። ወለቃን ካለፍን በኋላ ሽቅብ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ለሚሮጥ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው «ሰነፍ ነው» የሚል አሠልጣኝ ካለ የማያውቅ አሠልጣኝ ነው። ሰውነት አየሩን ቀስ እያለ ነው የሚለምደው። በብርድ አገር ላብ ስለማይታይ ውኃ መጠጣትም ይረሳል።

ያረፉበት ቤት ሁለት ክፍል ነበር፤ ስድስት ልጆች። ሦስቱ እንደ እኛው በውሰት የመጡ ናቸው። ፍራሹ መሬት ላይ ነው፤ ብርድ ልብሱ ለሁለት አንድ። ይህን ሳይ ነርስነቴ ተነሳብኝ። በደጋ አገር ሰው ተፋፍጎ ሲተኛና ልብስና ብርድ ልብስ ሲጋራ ቅማል ይገባል፤ ቅማል ደግሞ ተስቦንና ግርሻን ያመጣል። በሥራ ዘመኔ ስንቱን ወጣት በትኩሳት ሲቃጠል እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ስፌቱን ሁሉ ገልብጬ አየሁ፤ ልጆቹ በእፍረት ሞቱ። ምንም አላገኘሁም። ልብሳቸውን ቀቅለው ፀሐይ ላይ እንዲያሰጡ አስምዬአቸው፣ በሚቀጥለው ጉዞዬ ሦስት ብርድ ልብስ ይዤ ሄድሁ።

ምግባቸውን የምትሠራላቸው አንዲት የከተማዋ ሴት ነበረች። ደመወዟ ስንት እንደሆነ ስትነግረኝ ደነገጥሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ሽሮ፣ ድንችና ዳቦ ነበር የሚበሉት። ሽሮ ለሯጭ ልጅ መጥፎ ምግብ አይደለም፤ ጥጋቡ ግን መጠኑ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ስለነበሩ ባቄላና ሽምብራ በንፍሮ፣ ተልባም በመጠጥ እንድትጨምርላቸው፣ በፍስክ ቀን ደግሞ ቢያንስ አንዳንድ እንቁላል እንዲደርሳቸው ተስማማን። ከልምምድ ተመልሰው ምግብ ሦስት ሰዓት ይጠብቁ ነበር። ያ ቀረ። ትልቁ ለውጥ እሱ ይመስለኛል፤ በደከመ ሰውነት ላይ ረሃብ ሲጨመርበት ጡንቻ አይገነባም።

እሑድ ጨዋታ ነበር። ሜዳው አንድ ወገኑ ያዘነብላል፤ ኳስ ከሄደች ሕፃናት ናቸው ቁልቁል ሮጠው የሚያመጧት። ተመልካቹ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። እስከዚያ ቀን ድረስ የልጅ ልጄን በትልቅ ሰው ጨዋታ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አይቼው አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ኳስ ወደ ኋላ አሳጥሮ መለሰና ጎል ገባብን። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ «እቴ፣ ይህን ግራኝ ከየት አመጡብን!» ብለው ጮሁ። ዝም አልሁ። ሆዴ ግን ተላወሰ።

የሆነው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ልጁ አልተቀየረም። አሠልጣኙ፣ የትምህርት ቤት ሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበረ ረጋ ያለ ሰው፣ ከመስመር ላይ ሆኖ በእጁ «ቀጥል» አለው። ሌላ ግራ ተከላካይም አልነበራቸው። ከዕረፍት በኋላ ያንኑ ዓይነት ኳስ ሦስት አራት ጊዜ አገኘ፤ አንዱንም አላሳጠረም። ሲያልቅ እኒያው ሽማግሌ ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው በእጁ አስጨበጡት። ትልቁ ክለብ ውስጥ አንድ ስህተት ቢሠራ ለሁለት ወር ወንበር ላይ ነበር የሚመለሰው። እዚህ ሰኞ ዕለት በገበያው ውስጥ ሲያልፍ ባለሱቁም፣ ሊስትሮውም ስለዚያች ኳስ ያነሱበታል፤ እሑድ ደግሞ እንደገና ይሰለፋል። እኔ ውሰት ምን እንደሚጠቅም የገባኝ ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ክፉው።

የካቲት ላይ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ተጠመዘዘ። «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ አለኝ በስልክ። ወዲያው የቡድኑ ወጌሻ በቅባት አሸው፤ ማታም በሙቅ ውኃ ደገመው። ወጌሻን አልንቅም፤ ለስንት ስብራትና ውልቃት አገራችን ያለ ወጌሻ ምን ይውጣት ነበር። ነገር ግን ጉልበት ድምፅ አሰምቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ጅማት መበጠሱን መጠርጠር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማሸትም ሙቀትም እብጠቱን ያብሳል። የሚያስፈልገው ማሳረፍ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ በፋሻ በልኩ ማሰርና እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ደግሞ ራጅ ሳይነሳ አይታደርም።

ልጁ አሥራ አንድ ቀን አደረ። ትንሹ ክለብ «ሕክምናውን ባለቤቱ ክለብ ይክፈል፤ ልጁ የእነሱ ነው» አለ። ባለቤቱ ክለብ «የጎዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ አሳክሙ» አለ። በመካከል ስልክ የሚያነሳ ሰው ጠፋ። የትንሹ ክለብ ቡድን መሪ በመጨረሻ አግኝቶኝ «እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ካዝናችን ውስጥ ለሚቀጥለው ጨዋታ የትራንስፖርት እንኳ የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ምጣድ የተዋሰች ሴት ምጣዱ ከተሰነጠቀባት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች፤ እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ግን አላወቁም።

መኪና ተኮናትሬ ራሴ ሄጄ አመጣሁት። ሐኪሙ የጉልበቱ የጎን ጅማት በከፊል መበጠሱን ነገረን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ቀዶ ሕክምና አላስፈለገውም። ከሁለት ወር በላይ እኔ ቤት ሆኖ እግሩን አፍታታ፤ የዘመኑን የመጨረሻ አራት ጨዋታዎች ለመጫወት በቃ። ውሉን ያነበብሁት በዚያ ጊዜ ነው። አንድ ገጽ ነበር። ደመወዝ አለ፣ ቀን አለ፣ ማኅተም አለ። ስለ ጉዳት አንድም ቃል የለውም። እናቱ አላነበበችውም፤ እኔም አላነበብሁትም። የበሽተኛ ካርድ ሳላነብ አንድ ቀን መርፌ ወግቼ የማላውቅ ሴት!

ጎረቤቴ ያመጣችውን ወረቀት እንግዲህ እርሳስ ይዤ ነው የተቀመጥሁበት። የእሷም አንድ ገጽ ነው። ልጇ ከታመመ ወይም ከተጎዳ ማን ያሳክማል፤ ወዲያው ማን ይከፍላል (በኋላ ይተሳሰቡ)፤ የት ያድራል፤ ምን ይበላል፤ ደመወዙ ቢዘገይ ማን ዘንድ ይሄዳል፤ በተጠባባቂነት ብቻ ካስቀሩት በግማሽ ዓመት መመለስ ይችላል ወይ፤ አንዱም የለበትም። ፊፋ ከሰኔ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአገሮች መካከል የሚደረግ ውሰት በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ፣ የተዋሰው ክለብም ልጁን ለሦስተኛ እንዳያውስ ደንግጓል፤ የየአገሩ ፌዴሬሽኖችም ለአገር ውስጥ ውሰት ሥርዓት እንዲያወጡ ጠይቋል። እናት ግን ፌዴሬሽን እስኪደርስላት መጠበቅ የለባትም። ጥያቄውን በእጅ ጽሕፈትም ቢሆን ወረቀቱ ላይ ማስጨመርና ማስፈረም ትችላለች።

ከሁሉ ያናደደኝ ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ የልጁ ዕድሜ 15 ይላል። ይህን ልጅ ያዋለድሁት እኔ ነኝ! 17 ዓመት ከአራት ወሩ ነው። «ወኪል ነኝ ያለው ሰውዬ ነው የቀነሰው፤ ለወደፊቱ ይጠቅመዋል ብሎ» አለች አንገቷን ደፍታ። ለምን እንደሚቀንሱ አውቃለሁ፤ ከ17 ዓመት በታች በሚለው ውድድር ብዙ ዘመን እንዲያቆዩት ነው። ፊፋ ግን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ውድድር የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል። ልጅ ሲያድግ አንጓው ላይ ያለው የአጥንት ማደጊያ ይዘጋል፤ ምስሉ ደግሞ ያንን ያሳያል። ያኔ የሚታገደውና የሚያፍረው ልጁ ነው፤ ወኪል ነኝ ያለው ሌላ ልጅ ይፈልጋል። በፊፋ ደንብ አንድ ወኪል አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ለማነጋገር በመጀመሪያ የወላጁን ፈቃድ በጽሑፍ ማግኘት አለበት፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ውልም ከሦስት ዓመት መብለጥ የለበትም። ሰውዬው ከጎረቤቴ የጠየቀው ፈቃድ ሳይሆን የልደት ካርዱን ፎቶ ኮፒ ነበር።

ትምህርቱን አነሳችብኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ድሮ ቢሆን «ትምህርቱን ይማር፣ ኳሱ ይቅርበት» ብዬ እጨርሰው ነበር። ግን በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እያወቅሁ ያንን በድፍረት መናገር ከበደኝ። ሁለቱም መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ግርጌ «በሚሄድበት ከተማ ትምህርት ቤት ይመዝገብ፤ የልምምዱ ሰዓት ከትምህርት ሰዓት ጋር አይጋጭ» ብዬ ጻፍሁ። የልጅ ልጄን ምሳሌም ነገርኋት። ትልቁ ክለብ ከውሰት ከተመለሰ ከአንድ ዓመት በኋላ አሰናበተው። ቤካም አልሆነም። ዛሬ ሰውነት ማጎልመሻ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ታዳጊዎችን ያሠለጥናል፤ የተጎዳ ልጅ ሲያይ ማንም እንዳይነካው ይቆጣል። ከኳስ ዘመኑ የቱን ይወዳል ብትሉት ያችን የብርድ ዓመት ነው የሚጠራው።

ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር ከበፊቱ ከብዷል። ፋሲል ሻምፒዮን በሆነበት በ2013 የሊጉ ጨዋታዎች የተካሄዱት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር፤ በታችኞቹ ሊጎችም ቡድኖችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ተለምዷል። እኔ ያኔ ስንቄን ይዤ ማልጄ ወጥቼ ልጄን አይቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ የሚጫወትበትን ከተማ እሷ ምናልባት አታየውም፤ መንገዱም እንደ ያኔው አይደለም። ቆላ ከሆነ ደግሞ የደጋ ልጅ ወባን አያውቃትምና አጎበር ይዞ ይሂድ፤ ትኩሳት ከጀመረው በዚያው ቀን ደሙ ይታይ።

ሌላም አለ፤ ልቡ። በአገራችን ብዙ ልጅ በሕፃንነቱ የጉሮሮ ሕመም ይዞት በቅጡ ሳይታከም ይቀርና የልቡ በር ይጎዳል። ለዓመታት ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ጠንካራ ልምምድ ሲጀምር ነው የሚያጋልጠው። ክለቦቹ ፍጥነቱን ይለካሉ፤ ልቡን የሚያዳምጥ ግን አላየሁም። ከመፈረሟ በፊት ሐኪም ጋ እንድትወስደው ነገርኋት። ወረቀቷን አጥፋ ሄደች።

ትናንት ማታ ልጁ ራሱ መጣ። እናቱ ልካው ይሁን በራሱ፣ አልጠየቅሁም። ቁመቱ በሩን ሊነካ ምንም አልቀረው። «እትዬ ሲስተር፣ እማዬ ካልፈረመች በእርስዎ ነው» አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ፈገግ አለ። ሐኪም ጋ ነገ እንደሚሄዱ ነገረኝ። እስከዚያው ብዬ ከመሳቢያ ውስጥ የድሮዋን ማዳመጫዬን አወጣሁ፤ ሸሚዙን ከፈተ። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰዓቴን ይዤ ረጅም ጊዜ አዳመጥሁ። በደቂቃ 58። ጥርት ያለ ነው። ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩን ነክሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።

«ተንፍስ እንጂ አንተ ልጅ!» አልሁት።